መላሃ፦ በጨው ሐይቅ ዙሪያ የነበረው የትሪፖሊ የመኪና መሽቀዳደሚያ እና እኛ

የመክፈቻ ጽሑፍ

ከትሪፖሊ ከተማ በስተምሥራቅ፣ መላሃ በሚባለው የጨው ሐይቅ ዙሪያ፣ ጣሊያኖች የሠሩት የመኪና መሽቀዳደሚያ ነበር። አንዱ ዙር 13.1 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከ1933 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. ድረስ በየዓመቱ በግንቦት መባቻ ገደማ የትሪፖሊ ታላቁ ሽልማት የሚባለው ውድድር ይካሄድበት ነበር። የእሽቅድምድም ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቦታ ሲያነሡ የሚያወሩት ስለ ፍጥነቱ፣ ከመነሻው አጠገብ ስለቆመው ነጭ ግንብ፣ ጣሪያው ያለ ምሰሶ ወደ ፊት ስለወጣው የተመልካቾች መቀመጫ፣ በመንገዱ ዳር ስለተሰለፉት ዘንባባዎች ነው። ፎቶግራፎቹ በእውነት ያምራሉ። እኔን ያስቆጨኝ ግን ከፎቶግራፎቹ ጀርባ ያሉት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ሳይነሣ መቅረቱ ነው።

ሜዳው በ1933 ሲመረቅ የሊቢያ ገዥ ማርሻል ፒየትሮ ባዶሊዮ ነበር። በሮም የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ሆኖ ለውድድሩ ማካሄጃ ሎተሪ እንዲሸጥ የተስማማው ኤሚልዮ ዴ ቦኖ ነበር። በምሥራቁ ክፍል፣ በሲሬናይካ፣ የባዶሊዮ ምክትል ሆኖ ሕዝቡን ከነከብቱ በሽቦ አጥር ውስጥ ያጎረው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር። ሦስቱንም እናውቃቸዋለን። በ1928 ዓ.ም. መስከረም ላይ መረብን ተሻግሮ የገባው ዴ ቦኖ ነው፤ እርሱን ተክቶ የመርዝ ጋዝ ያዘነበብንና አዲስ አበባ የገባው ባዶሊዮ ነው፤ የግራዚያኒን ለማንም መንገር አያስፈልግም።

በዚህ ላይ አንድ ቀን ጨምሩበት። ሙሶሊኒ ከፓላትሶ ቬኔትሲያ ሰገነት ላይ ቆሞ ኢትዮጵያ የጣሊያን ግዛት ሆናለች ብሎ ያወጀው ቅዳሜ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ማታ ነው። በማግስቱ እሑድ መላሃ ላይ ውድድር ነበር፤ ያሸነፈውም ጣሊያናዊ ነበር። እኔ የምለው፣ መላሃ በመኪና ወዳጆች ዘንድ ብቻ የሚወራ ቦታ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ በእኛም የወረራ ታሪክ ውስጥ መግባት አለበት። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

በዚህ የውይይት ክር ላይ የመጡትን መልሶች ከዚህ በታች በየተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬአቸዋለሁ።

መልስ 1። መጀመሪያ የጻፉት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሐሳቡን ወደዱት፤ አንባቢ እንዳይምታታ ብለውም ቀኖቹን አሰለፏቸው። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ የወጡት ሚያዝያ 24፣ ባዶሊዮ ከተማዋ የገባው ሚያዝያ 27፣ አዋጁ ግንቦት 1፣ ውድድሩ ግንቦት 2፣ ሁሉም በ1928 ዓ.ም.። ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ ንግግር ያደረጉት ሰኔ 23 እንደሆነም አስታወሱ። ስለዚህ በትሪፖሊ ጭብጨባ ሲደረግ ጉዳዩ ገና በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት እንደነበር ሁሉም ልብ ይበል ብለው ዘጉ።

መልስ 2 ከአንድ የመኪና ውድድር አፍቃሪ ወጣት የመጣ ነው። የመክፈቻው ጽሑፍ ፖለቲካውን አብዝቶታል ብሎ ጀመረና፣ ሜዳው የተሠራው በ1925 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከባዶሊዮ ጋር አይገናኝም አለ።

መልስ 3 ይህን አረመ፤ በትሕትና ነው ያረመው። በ1925 የተጀመረው ውድድሩ እንጂ ሜዳው እንዳልሆነ አስረዳ። ያኔ የሚሮጡት በተራው የአገር መንገድ ላይ ነበር፤ አንዱ ዙር 71 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ቆይቶ ወደ 26 ኪሎ ሜትር አሳጠሩት። በ1928 እ.ኤ.አ. ታትሲዮ ኑቮላሪ፣ በ1929 ደግሞ ጋስቶኔ ብሪሊ ፔሪ አሸነፉ። ይኸው ብሪሊ ፔሪ በ1930 በልምምድ ላይ እዚያው ትሪፖሊ ሞተ። በ1931 እና በ1932 ውድድር አልነበረም። ለመኪና ብቻ ተብሎ የተሠራው የመላሃ መንገድ የተመረቀው ግንቦት 7 ቀን 1933 እ.ኤ.አ. ነው፤ ባዶሊዮም ገዥነቱን እስከዚያ ዓመት መጨረሻ ይዞ ነበር። ወጣቱ በመልስ 4 አመስግኖ ተቀበለ፤ ፖለቲካው በዝቷል የሚለውን ግን አልተወም።

መልስ 5 ሎተሪውን አመጣ፤ ክሩም ለረጅም ጊዜ ከዚያ አልወጣም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሳቡን ያፈለቀው ጆቫኒ ካነስትሪኒ የሚባል የስፖርት ጋዜጠኛ ነበር። ቲኬቱ በጥቂት ሊሬ በመላው ጣሊያን ይሸጣል። ከተሸጡት ውስጥ በተወዳዳሪዎቹ ቁጥር ልክ ቲኬቶች በዕጣ ይወጡና ለእያንዳንዱ ባለ ዕጣ አንድ አሽከርካሪ ይደርሰዋል። አሽከርካሪህ አንደኛ ከወጣ ሚሊዮኖች ትወስዳለህ። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለውድድሩም ለሽልማቱም ይውላል። ጸሐፊዋ፣ በባንክ የምትሠራ ሴት ናት፣ ነገሩን ከገንዘብ በኩል ነው ያየችው። መንግሥት በረሃ ዳር የዓለምን ምርጥ መኪናዎች ሰብስቦ ሲያሳይ ወጪውን የሚሸፍኑት ዕድላቸውን የሚሞክሩ ተራ ጣሊያኖች ነበሩ፤ ቲኬት የገዛ ሁሉ ሳያስበው ስለ ቅኝ ግዛቱ እያወራ፣ ትሪፖሊን እንደ ገዛ አገሩ ከተማ እየቆጠረ ይሄዳል አለች። በዚህ ክር ውስጥ ካነበብኳቸው አስተያየቶች ሁሉ ወደ ነገሩ ሥር የገባው ይህ ይመስለኛል።

መልስ 6 ግን አጋጣሚውን ተጠቅሞ አሽከርካሪዎቹን ሌቦች አላቸው። በ1933 አኪሌ ቫርዚን በዕጣ ያገኘው ሰው ከውድድሩ በፊት አሽከርካሪዎቹን አግኝቶ ተዋዋለ፤ እነ ኑቮላሪ ሆን ብለው ቀስ አሉ፤ ሽልማቱን ተካፈሉ የሚለውን የታወቀ ተረክ ከነዝርዝሩ አስቀመጠ።

መልስ 7 ቁጣ ነበረበት። ይህን ታሪክ ለዓለም ያሰራጨው የመርሴዲስ ቡድን መሪ የነበረው አልፍሬድ ኖይባወር መሆኑን፣ መርሴዲስ ደግሞ በዚያ ዓመት መላሃ ላይ መኪና እንዳላሰለፈ ጸሐፊው አመለከተ። ያላየውን የተረከ ሰው ቃል ተይዞ የሞቱ ሰዎችን ስም ማጥፋት ነውር ነው አለ። ባለ ዕጣዎቹና አሽከርካሪዎቹ ገንዘብ ለመካፈል መስማማታቸው አንድ ነገር ነው፤ ውድድሩ ተሸጧል ማለት ሌላ ነው፤ ሁለቱን የቀላቀለ ሁሉ አያውቅም ሲል ጠንከር አድርጎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ዕጣው ውድድሩ ሊጀመር ሲል ብቻ እንዲወጣ መደረጉንም ጨመረ።

መልስ 8 ከመርካቶ አካባቢ ጋራዥ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ክሩን ከጭቅጭቅ ያወጡትም እርሳቸው ናቸው። የ1933ቱን ውድድር መጨረሻ እንደ ባለሙያ ተረኩት። ቫርዚ ቡጋቲው ላይ ተጨማሪ ሰልባትዮ አስገጥሞ ነበር፤ ኑቮላሪ ነዳጅ ለመሙላት ሲቆም እርሱ ሳይቆም ሊያልፍ አስቦ ነው። የመጀመሪያው ነዳጅ ሲያልቅ የመጠባበቂያው ቧንቧ አልከፈት አለው። ሞተሩ ማስነጠስ ሲጀምር በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ቧንቧውን ይዞ ታገለ፤ በስተመጨረሻ ተከፈተለት። ኑቮላሪን የቀደመው በሁለት አሥረኛ ሰከንድ ነው። እኚህ ሰው ያሉት፣ የነዳጅ መስመር ሲዘጋ ሞተር እንዴት እንደሚያደርግ ያየ ሰው ያንን ሁሉ ትግል ተውኔት ነው ለማለት ይቸግረዋል። በዚህ አልተስማማንም ያሉ ሁለት ሰዎች (መልስ 9 እና 10) ብዙ የጨመሩት ነገር የለም።

መልስ 11 በዚያው ውድድር ሦስተኛ ስለወጣው እንግሊዛዊ፣ ስለ ሰር ሄንሪ ቢርኪን ነው። ማዜራቲውን አቁሞ ሲጋራ ማቀጣጠያ ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ክንዱ የጋለው የማርሚታ ቱቦ ላይ አረፈ። ቃጠሎውን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ቀረ። ቁስሉ መርዞ፣ ወባም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል ይባላል፣ ሰኔ ላይ ለንደን ውስጥ ሞተ። መልስ 12 ከዚያው ተነሥቶ ጣሊያን ውስጥ ወዳለው የሞንዛ መሽቀዳደሚያ ሄደ፤ በዚያው ዓመት መስከረም በአንድ ቀን አሽከርካሪዎቹ ጁዜፔ ካምፓሪ፣ ባኮኒን ቦርዛኪኒ እና ቻይኮቭስኪ መሞታቸውን አነሣ። ከካምፓሪና ከቦርዛኪኒ ስም ጋር የሎተሪው ሐሜት የተያያዘ ስለሆነ ራሳቸውን መከላከል ሳይችሉ መቅረታቸው አሳዘነው።

መልስ 13 ላይ እኔ ራሴ ተመልሼ ጻፍኩ። ሎተሪው ጥሩ ወሬ ነው፤ የጠየቅኩት ግን ስለ ግንቦት 1928 ዓ.ም. ነው፤ ወደዚያ እንመለስ አልኩ።

መልስ 14 ተመለሰ፤ ፊት ለፊት ሊቃወመኝ ነው የተመለሰው። ስፖርትን ከጦርነት ጋር ማጣበቅ የቂም ልማድ ነው አለ። ኑቮላሪ ለማንም ጋዝ አልረጨም፤ ጀርመናዊው ነጂ ካራቾላ ማንንም አልሰቀለም፤ እነዚህ ሰዎች ሕይወታቸውን ለፍጥነት የሰጡ ጀግኖች ናቸው፤ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሁሉን ነገር ወደ ራሳችን ቁስል ካልጎተትን እረፍት የለንም ብሎ ነቀፈ። የጻፈው በጥሩ አማርኛ ነው፤ ሐሳቡን ብዙ ሰው ወደደለት።

መልስ 15 ሮም የምትኖር ኢትዮጵያዊት ናት። የመለሰችለት በእርጋታ ነው። በምትኖርበት ከተማ ውስጥ ሰዎች በየቀኑ በአምባ አራዳም ጎዳና ያልፋሉ፤ ስሙ በተወሰደበት አምባ ላይ ምን እንደተደረገ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አታገኝም። በዚያው ስም ሊጠራ ታስቦ የነበረውን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ የከተማው ምክር ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. በጆርጆ ማሪንኮላ ስም እንዲሰየም ወሰነ፤ እናቱ ሶማሊያዊት የሆነች፣ ናዚዎችን ሲዋጋ የሞተ ወጣት ነው። ያ ውሳኔ የመጣው ሰዎች ስሙን ከታሪኩ ጋር አጣብቀው ስለጮሁ ነው አለች። ታሪክን ከቦታው ላይ ማንሣት እንጂ ማስቀመጥ ቂም አይባልም ብላ ጨረሰች። ጣቢያው በመጨረሻ የተከፈተው ፖርታ ሜትሮኒያ በሚል ሌላ ስም እንደሆነ መልስ 16 ጨመረ።

ከዚያ የታሪክ መምህሩ በመልስ 17 ተመለሱና ስለ ውድድሩ ራሱ ጻፉ፤ በእኔ አስተያየት ክሩ ከፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በዚያው በ1928 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ፈጣን መኪናዎች የጀርመኑ አውቶ ዩኒየን ነበሩ፤ ባለ 16 ሲሊንደር፣ ሞተራቸው ከአሽከርካሪው ጀርባ የሆነ። አንዱን ሃንስ ሽቱክ፣ ሌላውን ቫርዚ ያሽከረክራሉ። ቡድኑ ለሽቱክ ቀስ እንዲል ምልክት ያሳየዋል፤ ቫርዚ ግን እንዲገፋ ይደረጋል። በመጨረሻው ዙር ላይ ቫርዚ አልፎ በጥቂት ሰከንድ ልዩነት አሸነፈ። ማታ በግብዣው ላይ ከባዶሊዮ በኋላ የሊቢያ ገዥ የሆነው ኢታሎ ባልቦ ጽዋውን ለሽቱክ አንሥቶ እውነተኛው አሸናፊ እርሱ እንደሆነ ተናገረ፤ ቫርዚም በዚያ ቆሰለ እየተባለ ይተረካል። ጣሊያን በተባለ ምድር ጣሊያናዊ እንዲያሸንፍ ከላይ ትእዛዝ ነበር የሚለው ወሬ ከዚህ ነው የተነሣው። መምህሩ፣ አዋጁ በተነገረ በማግስቱ ለትሪፖሊ ሕዝብ ሌላ ዓይነት ውጤት ማሳየት ለአዘጋጆቹ የሚመች እንዳልነበር ገመቱ፤ ግምት መሆኑንም ራሳቸው ጽፈዋል።

መልስ 18 ለዚህ ግምት ትልቅ መሰናክል አቀረበ፤ አቀራረቡ ሥርዓት ያለው ነው። በግንቦት 1936 ጀርመንና ጣሊያን ገና አልተወዳጁም አለ። የሮምና የበርሊን ግንኙነት ይፋ የሆነው በዚያው ዓመት መጸው ላይ ነው፤ ጀርመን ኢትዮጵያን የጣሊያን ግዛት ብላ የተቀበለችውም በጥቅምት 1936 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሂትለር ለኢትዮጵያ በስውር ጠመንጃ እስከ መላክ ደርሶ ነበር፤ ሙሶሊኒ በኦስትሪያ ጉዳይ ስለተጋፋው አፍሪካ ውስጥ እንዲዳከም ይፈልግ ነበር። ስለዚህ የጀርመን ቡድን ለሙሶሊኒ ስጦታ ሰጠ ከማለት በፊት ማሰብ ያሻል። በሌላ በኩል ጀርመን ከዓለም መንግሥታት ማኅበር በ1933 ስለወጣች በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ አይመለከታትም ነበር፤ በዚያ ግንቦት ጀርመኖች ለምን ያለ ስጋት ትሪፖሊ እንደታዩ ይህ ያስረዳል።

ይህ ሙግት የመክፈቻውን ሐሳብ አያፈርሰውም፤ ያጠራዋል። የቡድኑ ትእዛዝ ከየትም ይምጣ፣ በዚያ እሑድ ባንዲራው የተሰቀለው፣ ሕዝቡ የተሰለፈው፣ ገዥው የተቀመጠው አዲስ አበባ በተያዘች በአምስተኛው ቀን ነው። በመልስ 19 ያልኩት ይህንኑ ነው።

መልስ 20 ባልቦን ሊከላከል መጣ። ባልቦ ከጀርመን ጋር መወዳጀትን የተቃወመ፣ በአይሁዶች ላይ የወጣውን ሕግ የነቀፈ፣ ሊቢያን ያለማ ሰው ስለነበር ከግራዚያኒ ጋር በአንድ ሙቀጫ መወቀጥ የለበትም አለ። የባሕር ዳርቻውን ረጅም መንገድ፣ ሆቴሎቹን፣ ውድድሩን ጠቀሰ።

መልስ 21 ነደደ። መንገዱን ሊመርቅ ሙሶሊኒ ትሪፖሊ የመጣው መጋቢት 1937 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የእስልምና ሰይፍ የተባለውን ተቀብሎ ራሱን የሙስሊሞች ጠባቂ አድርጎ የቆመው ያኔ ነው። የየካቲት 12ቱ ደም ከአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ገና አልደረቀም ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት 1 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ የአዋጁ አንደኛ ዓመት በሆነበት ዕለት፣ መላሃ ላይ ጀርመናዊው ሄርማን ላንግ በሰዓት በአማካይ ከ210 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ አሸነፈ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደብረ ሊባኖስ ላይ መነኮሳቱ ተረሸኑ። በ1938 ደግሞ ባልቦ 20,000 ሰፋሪዎችን በአንድ ጊዜ በመርከብ አምጥቶ በሊቢያውያን መሬት ላይ አስቀመጠ። ይህን ልማት ያለ ሰው መሬቱን የተቀማውን ገበሬ ይጠይቅ አለና ለመልስ 20 ባለቤት የማይገባ ቃል ጨመረ። አወያዩ በመልስ 22 ቃሉን አንሥቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። ቃሉ መነሣቱ ተገቢ ነው፤ የቀኖቹ አሰላለፍ ግን እንዲቀር መደረጉ ደስ አሰኝቶኛል።

መልስ 23 ድምፁን ዝቅ አደረገው። የጸሐፊው አያት የጣሊያን አስካሪ ሆነው ከኤርትራ ወደ ሊቢያ ከተወሰዱት አንዱ ነበሩ። በቤታቸው ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶግራፍ አለ፤ አያትየው ረጅም ታርቡሽ አድርገው፣ ጠመንጃቸውን እግራቸው ሥር አቁመው፣ ከዘንባባ አጠገብ ቆመዋል። ከጀርባው በሐምራዊ ማኅተም ትሪፖሊ የሚል አለበት። አያትየው ስለዚያ አገር ሲጠየቁ የሚናገሩት ስለ አሸዋና ስለ ሌሊቱ ብርድ ብቻ ነበር፤ ከማን ጋር እንደተዋጉ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። ጸሐፊው የመላሃን ፎቶግራፎች ሲያይ ዘንባባዎቹ የአያቱን ዘንባባ አስታወሱት።

መልስ 24 በዚህ ላይ አስካሪዎችን የሚሰድብ አጭር ነገር ጻፈ። መልስ 25 ወዲያው ገሠጸው፤ የጣሊያን አገዛዝ ኤርትራውያንን ሊቢያ ውስጥ እንዳዋጋ ሁሉ ሊቢያውያንንም ኢትዮጵያ ውስጥ አዋግቷል፤ በሚያዝያ 1936 እ.ኤ.አ. ኦጋዴን ላይ በጄኔራል ናሲ ሥር የተዋጋው የሊቢያ ክፍለ ጦር ነበር ብሎ አስታወሰ። ወንድም በወንድሙ ላይ የዘመተበትን ዘመን በስድብ መዝጋት ለማንም አይበጅም አለ።

መልስ 26፣ የጋራዡ ባለቤት እንደገና። ስለ ጎማ ነው የጻፉት፤ እኔም ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ ሜዳው እንዴት ያለ ቦታ እንደነበር የገባኝ ከዚህ ነው። የመላሃ መንገድ ሰፊና ለስላሳ ነበር፤ ኩርባዎቹም ዝርግ ስለሆኑ ነጂው እግሩን ከነዳጁ ብዙ አያነሣም። ፍጥነቱ የመጣው ከዚያ ነው። በ1933 የአሸናፊው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 168 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በአራት ዓመት ውስጥ 212 ደረሰ። ግን ጊብሊ የሚሉት የበረሃ ነፋስ አሸዋ እያመጣ አስፋልቱ ላይ ይበትናል፤ ሙቀቱ አስፋልቱን ያግላል፤ የዚያን ጊዜ ጎማ ደግሞ ይህን ያህል ክብደትና ፍጥነት ለመሸከም አልተሠራም። ላስቲኩ በቁራሽ በቁራሽ እየተላጠ ይወረወራል፤ ከሥሩ ነጩ ጨርቅ ሲታይ ነጂው ካልቆመ ይፈነዳል። በ1935 ቫርዚ እየመራ ሳለ ጎማው ከዳው፤ ካራቾላ አሸነፈ። የሞተር ጉልበት ሳይሆን ጎማ ያስቀረው ሰው ብዙ ነው አሉ። ላንግ ለምን ደጋግሞ እዚያ እንዳሸነፈ ሲያስረዱም፣ ሰውዬው ነጂ ከመሆኑ በፊት መካኒክ ነበር፤ መኪና ሲያዝን ይሰማዋል አሉ። በ1938 ላስሎ ሃርትማን እና ኤውጄኒዮ ሲየና በአንድ ውድድር እዚያ መሞታቸውን ሳያነሡ አላለፉም።

መልስ 27 የ1939ኙን ውድድር አመጣ። ጀርመኖች በተከታታይ ሲያሸንፏቸው ጣሊያኖች ደንቡን ለወጡ፤ ሞተሩ ከ1.5 ሊትር እንዳይበልጥ ወሰኑ፤ ጀርመኖች እንዲህ ያለ መኪና እንደሌላቸው ያውቃሉ። መርሴዲስ ዝም ብሎ በስምንት ወር ባልሞላ ጊዜ ሁለት አዲስ መኪናዎች ሠርቶ መጣ። ላንግ አንደኛ፣ ካራቾላ ሁለተኛ ወጡ፤ የጣሊያኖቹ ቀያይ መኪናዎች ከኋላ ቀሩ። ጸሐፊው ይህን ሲተርክ ደስታውን አልደበቀም። መልስ 28 ግን አሸናፊዎቹም የናዚ መንግሥት ድጎማ ይቀበሉ እንደነበር አስታወሰው፤ የምንደሰተው በማን ድል ነው ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም።

መልስ 29 መጨረሻውን በአጭሩ አስቀመጠ። የመጨረሻው ውድድር ግንቦት 1940 ተካሄደ፤ ጁዜፔ ፋሪና በአልፋ ሮሜዮ አሸነፈ። በወሩ ጣሊያን ጦርነት ውስጥ ገባች። ባልቦ ሰኔ 28 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ቶብሩክ ላይ በገዛ ወገኖቹ ፀረ አውሮፕላን ተመትቶ ሞተ። በጥር 1943 እንግሊዞች ትሪፖሊን ያዙ። በሐይቁ አጠገብ የነበረው የጣሊያኖች የአየር ማረፊያ ለአሜሪካ አየር ኃይል ትልቅ ሰፈር ሆነ፤ ዊለስ ይባል ነበር። አሜሪካኖቹ በ1970 ለቀው ወጡ፤ ዛሬ ሚቲጋ የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ይኸው ነው። ውድድር ወደ መላሃ ዳግም አልተመለሰም።

መልስ 30ን የጻፈው በሊቢያ በኩል አውሮፓ ለመግባት ሞክሮ የተመለሰ ልጅ ነው። ሚቲጋ የሚለውን ስም ሲያነብ ደነገጠ። እርሱን ወደ አገሩ የመለሰው አውሮፕላን የተነሣው ከዚያ ነው። ሌሊት ነበር፤ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው፣ እያንዳንዳቸው በላስቲክ ከረጢት ልብስና አንድ ወረቀት ይዘው ቆሙ። ከፊቱ የነበረው ልጅ ጫማ አልነበረውም፤ አስፋልቱ ቀን ሙሉ የያዘውን ሙቀት ገና አልለቀቀም፤ ልጁ እግሩን እየቀያየረ ይቆም ነበር። በዚያ አካባቢ መኪና ይሽቀዳደም እንደነበር ማንም አልነገራቸውም። በዚያ አገር የታሰሩና የቀሩ ልጆችን ስም ከሜዳው ታሪክ ጋር የሚጽፍላቸው ሰው እንዲኖር ጠየቀ።

መልስ 14ን የጻፈው ሰው፣ ስፖርትን ከጦርነት አታጣብቁ ያለው፣ ከዚህ በኋላ ተመለሰ። በመልስ 31 አቋሙን አልቀየረም፤ አሽከርካሪዎቹ አሁንም በአሽከርካሪነታቸው እንዲታወሱ ይፈልጋል። ነገር ግን ስለ ሜዳው የሚጻፍ ማንኛውም ነገር ማን እንደሠራው፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ቀን እንደተሮጠበት ሳይነግር ሙሉ አይሆንም አለ። ከሊቢያ የተመለሰውን ልጅም በየትኛው ከተማ እንዳለ ጠየቀው፤ በግል እንዲጽፍለትም አድራሻውን ላከለት።

መልስ 32 በአስመራ ጎዳናዎች ይካሄድ ስለነበረው የመኪና ውድድር የሚያውቅ ካለ ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ለእርሱ ራሱን የቻለ ክር ክፈት አሉት፤ ከፍቷል፤ የጋራዡ ባለቤትም እዚያ መጻፍ ጀምረዋል።